«ሣር ነው ያዘዙልዎት?»

ወገኖቼ፣ ይህ ተግሳጽ ይጎረብጣችኋል። ይጎርብጣችሁ! አንዲት ሐዘንተኛ እናት ከዛፍ ሥር ተነስታ ስትባረር ቁጭ ብሎ ያየ ሰው መመረቅ የለበትም።

ልጇን ከቀበረች ወዲህ እንቅልፍ የራቃት፣ የሰው ልብስ እያጠበች የምታድር ሴት ናት። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ድባቴ እንደያዛት ተነገራት። የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጣት፤ የምክር ቀጠሮም ተያዘላት። በዚያ ላይ አንድ ወረቀት ተጨመረላት፦ «በሳምንት 120 ደቂቃ፣ ዛፍና ሣር ባለበት ቦታ፤ በአንዴ ካልተቻለ ከ20 ደቂቃ ሳያንስ እየተከፋፈለ።»

ከሥራ ስትወጣ ወረቀቷን ይዛ በአካባቢዋ ወዳለው ብቸኛ መናፈሻ ገባች። አግዳሚ ወንበሮቹን ሻይ ቤቱ ይዟቸዋል፤ ያላዘዘ አይቀመጥባቸውም። ስለዚህ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ አረፍ አለች። ጥበቃው ወዲያው መጣ።

«እማማ፣ ይነሱ። እዚህ አይቀመጥም።»

«ሐኪም አዞልኝ ነው፣ ልጄ» ብላ ወረቀቱን ዘረጋችለት።

አነበበው። ያውም ጮክ ብሎ፣ ወንበር ላይ ያለው ሁሉ እንዲሰማ። የሕመሟን ስም ሳይቀር አነበበው። ከዚያ «ሣር ነው ያዘዙልዎት?» አለ። ወንበሮቹ ሁሉ ሳቁ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ጀመር። እሷ ወረቀቱን ተቀብላ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ወጣች። በቀጣዩ የምክር ቀጠሮዋ አልተገኘችም።

ጥበቃው የአለቃውን ትእዛዝ ፈጽሟል እንበል፤ ከተቀጠረ ጀምሮ የተነገረው ሣሩን ከሰው እንዲጠብቅ ነው። እናንተን ማን አዘዛችሁ? «ተዋት፣ ምን አደረገች?» ማለት ስንት ያስከፍላል? ያን ሳቅ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

እስቲ የሳቃችሁበትን ነገር ላስረዳችሁ። 120 ደቂቃ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና በእንግሊዝ 20 ሺህ ገደማ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ በሳምንት ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውም ስሜታቸውም ደህና መሆኑን ጨርሶ ከማይወጡት ይልቅ በብዛት እንደሚናገሩ አሳይቷል፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውም ጭምር። ጊዜው በአንዴ ቢያልቅም ተከፋፍሎ ቢወሰድም ልዩነት አልታየም። «ቀድሞውንም ጤነኛ የሆነው ሰው ነው የሚወጣው» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ያ ጥናት ብቻውን አይመልሰውም።

የተሻለውን መልስ የሰጠችው የአሜሪካዋ ከተማ ፊላደልፊያ ናት። 541 ጠፍ ቦታዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ክፍል እንዳለ ተተወ። በሁለተኛው ቆሻሻው ብቻ ተጠረገ። በሦስተኛው ቆሻሻው ተነስቶ መሬቱ ተደለደለ፣ ሣርና ጥቂት ዛፎች ተተከሉ፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ከነመግቢያው ተሠራ፣ በየጊዜውም ይታጨድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው ውጤት፣ አረንጓዴ በለበሱት ቦታዎች አጠገብ የሚኖሩና «ድብርት ይሰማኛል» የሚሉ ሰዎች ቁጥር፣ እንዳሉ ከተተዉት ጋር ሲነጻጸር በ41.5 በመቶ ወረደ። በድሆቹ ሰፈሮች ቅናሹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ነበር። መጥረግ ብቻውን ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። አጥሩንም ልብ በሉ፤ ሰው እንዲገባበት ክፍት የተተወ አጥር ነው!

ከዚህ መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቀመው ድሃው ነው ማለት ነው። ይበልጥ የተቆለፈበትም እሱው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ማንም ሰው ከቤቱ በ300 ሜትር ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር አረንጓዴ ቦታ ያግኝ ይላል። ግቢው ሰፊ የሆነ ሰው ማዘዣም ሜትርም አያስፈልገውም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከነቤተሰቡ ለሚያድረው ግን ያቺ ግማሽ ሄክታር ብቸኛዋ ግቢው ናት። እኛ ለእሷም ጥበቃ ቀጠርንላት። ፋርማሲ ቆልፎ መድኃኒት ማዘዝ ይሏል ይህ ነው።

ወረቀቱን የጻፈው ባለሙያም ከወቀሳ አያመልጥም። ማዘዣው ከደቂቃ በፊት ቦታ ይፈልጋል። በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ታማሚዋ ሥራ ስትጨርስ ክፍት ነው? መግቢያ ይከፈልበታል? ያለ ክፍያ የሚቀመጡበት ወንበርና መጸዳጃ አለው? ለሴት ደግሞ ጥግና ጨለማ የሌለው መውጫ ያስፈልጋል። በድባቴ የተያዘ ሰው ብቻውን ውጣ ሲባል ብዙውን ጊዜ አይወጣም፤ ሕመሙ ራሱ ነው እግሩን የሚያስረው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አብሮ የሚሄድ ሰው ይመደባል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደወላል፤ ካልሄደም «ምን ከለከለህ?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ አይወቀስም። የሚወስደው የአእምሮ ሕመም መድኃኒትም ይታያል፦ ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላልና ጥላ ይመረጥለታል፤ ሊቲየም የሚወስደው ውኃ ይያዝ፣ ሰውነቱ ውኃ ካጠረው የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ይጨምራል። የጀመሩትን መድኃኒት ትቶ በሽርሽር መተካት የለም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ደግሞ መናፈሻ አይላክም፤ በዚያው ዕለት ሕክምና ያገኛል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ወንበር ላይ የምትስቁት እናንተ ከሆናችሁ ድካሙ ገደል ይገባል። ማኅበራዊ ሠራተኛ እስከ በሩ ሊያደርሳት ይችላል፤ ዓይናችሁን ግን ሊከልልላት አይችልም።

ደክሞኛል፤ እንዲህ ያለ ተግሳጽ ሰምቶ በማግስቱ የተለወጠ ሕዝብ አላየሁም። ቢሆንም የመናፈሻው አስተዳደር ደብዳቤ ይቀበላል፣ ስብሰባም ይጠራል። ከወንበሮቹ ግማሹ ለማንም ክፍት ይሁን በሉ። ሣሩ ይረገጣል ካሉ፣ በየተራ እየከለላችሁ አሳርፉት በሏቸው፤ የተረገጠ ሣር እረፍት ሲያገኝ ያገግማል። ማዘዣ የያዘ ሰው ወረቀቱን ለጥበቃ ለማሳየት እንደማይገደድ በጽሑፍ ይስጧችሁ። እምቢ ካሏችሁ በሚቀጥለው ወር ተመልሳችሁ ጠይቁ።