ኢንጀክተሩን ለቀቅ፣ ፊልትሮውን ጠበቅ

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የመኪና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ እንግዳ ኮመን ሬል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ነዳጅ መርጫ ሥርዓት ለኢትዮጵያ አይሆንም ብለው ደመደሙ። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው የድሮው ኖዝል ዕድሜ ልክ ያገለግል ነበር፤ በእሱ ቦታ የገባው የዛሬው ኢንጀክተር ግን ቶሎ እንዲሞት ሆን ተብሎ የተሠራ የፋብሪካዎች መነገጃ ነው አሉ። አዘጋጁም አንድ ጥያቄ ሳያነሳ አመስግኖ ሸኛቸው።

ዕድሜ ልክ? ኖዝል የማይበላሽ ከነበረ ፖምፒስታ የሚባለው የናፍጣ ፖምፓና ኖዝል ጠጋኝ በየከተማው ምን ሲሠራ ኖረ? የድሮው ኖዝል ቀዳዳውን የሚዘጋውን መርፌ የሚይዘው ስፕሪንግ ነው። ፖምፓው ናፍጣውን ሲገፋና ግፊቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ100 እስከ 250 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ መርፌው ይነሳል፣ ይረጫል። ስፕሪንጉ ሲደክም ግፊቱ ይወርዳል፣ የመርፌው መቀመጫ ሲበላ ኖዝሉ ያንጠባጥባል። ልዩነቱ የድሮው እየተበላሸም መሥራቱን አለማቆሙ ነው። ባለቤቱ ናፍጣውን በጭስ መልክ ወደ ሰማይ እየላከ፣ ከዓባይ ሸለቆ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ከኋላው ያለውን መኪና ሁሉ እያጠቆረ፣ ኖዝሌ ደህና ነው ይላል። ይህ ጥንካሬ ሳይሆን በሽታን መደበቅ ነው።

ቶሎ እንዲሞት ተሠራ የተባለውን ዕቃ ደግሞ እንየው። የጀርመኑ ኩባንያ ቦሽ የናፍጣ ፖምፓን በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ግፊቱን የሚወስነው የሞተሩ ዙር ነበር፤ ዙሩ ሲወርድ ግፊቱም ይወርዳል፣ ጠብታው ይወፍራል፣ ጭሱ ይጠቁራል። የጃፓኑ ዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1995 በሂኖ የጭነት መኪና፣ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1997 በአልፋ ሮሜዮ 156 ኮመን ሬልን ገበያ ላይ ሲያወጡ ይህ ታሪክ ተቀየረ። ግፊቱ በአንድ ወፍራም ቧንቧ ውስጥ ተጠራቅሞ ስለሚጠብቅ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር፣ ቢሆንም በቂ ግፊት አለ። በመጀመሪያ 1,350 ባር ነበር፤ ዛሬ 2,500 ደርሷል። ኢንጀክተሩን የሚከፍተው የኤሌክትሪክ ማግኔት መርፌውን በጉልበት አያነሳም፤ ከላይ ያለችውን ትንሽ ኳስ ብቻ ይለቃል። ከመርፌው በላይ ያለው ግፊት ትርፉን ናፍጣ ወደ ታንክ በሚወስደው ቱቦ፣ በመመለሻው፣ ሲወጣ፣ ከታች ያለው ናፍጣ ራሱ መርፌውን ይገፋዋል። በዚህ ብልሃት በአንድ ምት ውስጥ ብዙ ጊዜ መርጨት ተቻለ። ከዋናው በፊት የምትረጨው 1 ወይም 2 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ናፍጣ ናት ያንን የድሮ ናፍጣ ሞተር ኳኳታ ያጠፋችው። አንድ የውሃ ጠብታ ወደ 50 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር መሆኑን ያሰበ ሰው ይህ ዕቃ ናፍጣውን ምን ያህል አሳንሶ እንደሚመጥን ይገባዋል።

ቀዳዳዎቹም ጠበዋል፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበሩት ወደ 0.12 ወርደዋል። በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይቦረቦሩና፣ ናፍጣው ሲገባ እንዳይረበሽ የመግቢያቸው ጠርዝ ደቃቅ አሸዋ በያዘ ፈሳሽ ይሞረዳል። መርፌው እንዳይበላ አልማዝ መሰል የካርቦን ሽፋን ይቀባል። ዴንሶ ኢንጀክተሩ ላይ የግፊት መለኪያ አስገብቶ የረጨውን መጠን ራሱ እንዲያርም አድርጓል። ዕቃው ቶሎ እንዲሞት የፈለገ ሰው ይህን ሁሉ ምን አደከመው?

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ገዳዩ ናፍጣው ነው፤ ተባባሪው ደግሞ ናፍጣውን የሚያጣራው ፊልትሮ። ተንቀሳቃሾቹ ክፍሎች በቤታቸው ውስጥ ያላቸው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ዓይን የማያየው 5 ማይክሮን አቧራ በ1,600 ባር ሲወረወር የኳሱን መቀመጫ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። መቀመጫው አንዴ ከተጫረ ናፍጣው በመመለሻው ይፈሳል፣ ለማስነሳት የሚያስፈልገው ከ200 እስከ 300 ባር አይሞላም፣ መኪናው ጠዋት እምቢ ይላል። ከዚያ ባትሪ ይቀየራል፣ ማስነሻው ሞተሪኖ ይፈታል፣ መኪናው ይገፋል። በመጨረሻ የሚሰደበው ዲዛይኑ ነው።

ስለ ፊልትሮ ማንም ማውራት አይፈልግም፤ ርካሽ ስለሆነ የሚያሳፍር ይመስላል። ገበያ ላይ ሳጥኑ ከእውነተኛው የማይለይ፣ ውስጡ ግን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ወረቀት ሞልቷል። የአራት ኢንጀክተር ዋጋ ለማትረፍ በአንድ ፊልትሮ ላይ የሚከራከር ባለ መኪና ምን ይባላል? እውነተኛው ተገዝቶም ቢሆን አገባቡ ያበላሸዋል። መካኒኩ አየር ለማስወጣት እንዳይቸገር አዲሱን ፊልትሮ ከጀሪካን በቀዳው ናፍጣ ይሞላዋል፤ ያውም በመሃለኛው ቀዳዳ። ያ ቀዳዳ የተጣራው ናፍጣ የሚወጣበት ነው! ስለዚህ ያልተጣራው ናፍጣ ወረቀቱን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ፖምፓውና ወደ ኢንጀክተሩ ይሄዳል። ፊልትሮው ደረቁን መግባት አለበት፤ ናፍጣውን እላዩ ላይ ባለችው የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር እየጫኑ መሳብ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቤቱ ከመከፈቱ በፊትም ከውጭ መጥረግ አለበት፤ አቧራው ከላይ ወደ ውስጥ እንደሚወድቅ ለማወቅ ምህንድስና መማር አያስፈልግም። በእኛ መንገድና በእኛ ናፍጣ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት ባይ ነኝ፤ የመመሪያ መጽሐፉ ከዚያ በላይ ቢፈቅድም መጽሐፉን የጻፈው ሰው ናፍጣ በበርሜል ሲሸጥ አላየም።

ከፊልትሮው ግርጌ የውሃ ማውጫ አለ። በሳምንት አንዴ፣ መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ትንሽ ላላ አድርጎ በጠርሙስ መቀበል ነው፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ለይቶ ይታያል። ውሃ ሲጠራቀም ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል። የእኛ ሰው መፍትሔ ምን ሆነ? ገመዱን መቁረጥ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ደግሞ ከውሃም ይብሳል። ፖምፓውን የሚያለሰልሰው ሌላ ዘይት የለም፣ ናፍጣው ራሱ ነው። ናፍጣው ሲቀጥን ብረት ብረትን ይበላል፣ ብናኙ በወፍራሙ ቧንቧ አልፎ ኢንጀክተሮቹን በሙሉ ያዳርሳል። ያኔ ታንኩን፣ ቱቦውንና ፖምፓውን ሳያጸዱ አዲስ ኢንጀክተር መግጠም ሌላ ዙር ገንዘብ ማቃጠል ነው። ኮመን ሬል አይረባም የሚለው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

ጋራዡም ንጹሕ አይደለም። የሞተውን ፒስቶን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የኖዝሉን ቱቦ ማላላት በድሮው ያስኬድ ነበር። በኮመን ሬል ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው በእጁ እየፈረደ ነው፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ይናቃል፣ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ጣት ያስቆርጣል። ትክክለኛው ምርመራ ቀላል ነው፤ የየኢንጀክተሩን መመለሻ በቀጭን ላስቲክ ወደ አራት እኩል ጠርሙሶች ማስገባት፣ ሞተሩን በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ ከሌሎቹ ጎልቶ የሞላውን መያዝ። በሽቦ ብሩሽ 0.12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መፈተግ ማጽዳት አይባልም። አዲስ ኢንጀክተር ሲገጠምም ራሱ ላይ የታተመው ኮድ በመመርመሪያ ማሽን ካልገባ፣ ኮምፒውተሩ በአሮጌው ልክ እያዘዘው ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሻጩም የውሸት ሸጠኝ ተብሎ ይሰደባል።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። የቶዮታ ባለ 3.0 ሊትር ዲፎርዲ (D-4D) ሞተር የኢንጀክተሩ የመዳብ ወሸር ሲያፈስ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ቫልቮቹ ክፍል ይወጣል፣ ዘይቱን ያጠቁራል፣ ጥቀርሻው ከታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩም ያለ ዘይት ይነክሳል። ይህ የዲዛይን ድክመት ነው። መድኃኒቱ ግን ወሸሩን በጊዜ መቀየር፣ አንዴ የተፈታውን ደግሞ አለመጠቀም ነው፤ አሮጌውን ወሸር አሽቶ የሚመልስ መካኒክ ጃፓንን የመውቀስ መብት የለውም።

የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ስለሆነ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ምን ይሠራል የሚሉም አሉ። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ እጃችን ላይ ያለው ናፍጣ ሞተር ምትክ የሌለው ሆኗል። ምትክ የሌለውን ዕቃ በጀሪካን ናፍጣ መግደል ከድሮውም የባሰ ጥፋት ነው።

እንግዳው አሁንም ካላመኑ ከመኪናቸው የወጣውን ፊልትሮ በቧንቧ መቁረጫ ይክፈቱት፤ በመጋዝ አይሁን፣ የመጋዙ ብናኝ ያሳስታል። ወረቀቱን ዘርግተው ነጭ ጨርቅ ላይ ያራግፉ፣ ማግኔት ያሳልፉበት። ዝገቱን፣ ጭቃውንና ማግኔቱ ላይ የቀረውን ብረት ይዘው ወደ ስቱዲዮ ይመለሱ፤ ስለ ዲዛይን ያኔ እንነጋገራለን።