ለጣና የሚሠራ ሌዘር ከጣና ውሃ ይጀምር

ውሃ ውስጥ ለመለኪያ የሚሠራ ሌዘር ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው «ጉልበቱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን፣ ቢያንስ እዚህ ባሕር ዳር ሆነን ስናስብ፣ ጥያቄው ከሌላ ቦታ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ውሃው ይለካ። ሌዘሩ ከዚያ በኋላ ይመረጣል።

ውሃ ሁሉንም ቀለም እኩል አያሳልፍም። ንጹህ ውሃ ቀዩን ብርሃን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይውጠዋል። የኢንተርኔት ፋይበር የሚጠቀምበት 1,550 ናኖሜትር (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ አለው) ሌዘርማ ገና በሚሊሜትሮች ያልቃል። ሰማያዊው፣ ከ420 እስከ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለው፣ ራቅ ብሎ ይጓዛል። ለዚህ ነው ለጥልቅ ባሕር የሚሠሩ ሌዘሮች ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ የሚሆኑት።

ጣና ግን ባሕር የምንለው በፍቅር ነው እንጂ ውሃው ሌላ ነው። ክረምት ሲገባ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የገበሬውን አፈር ተሸክመው ይመጣሉ። ሐይቁ ደግሞ ጥልቅ አይደለም። በአማካይ 8 ሜትር፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በበጋም ቢሆን ነፋስ በተነሳ ቁጥር የታችኛው ደለል ይነሳል። ከበሰበሰ ሣርና ቅጠል የሚወጣው ቡናማ ቀለም ደግሞ በተለይ የሚውጠው ሰማያዊውን ብርሃን ነው። አልጌውም እንዲሁ። እንዲህ ባለ ውሃ የሚያዋጣው ቀለም ወደ አረንጓዴ፣ ድፍርሱ ሲብስም ወደ ቢጫ ይሸሻል። ለውቅያኖስ የተሠራ ሰማያዊ ሌዘር አምጥቶ ጣና ውስጥ መንከር ብር ማቃጠል ነው።

«ታዲያ ጉልበቱን እንጨምረዋ» የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስላው። አንድ ሜትር ውሃ ከብርሃኑ 90 በመቶውን የሚያስቀር ይሁን። በሁለተኛው ሜትር መጨረሻ የሚተርፈው 1 በመቶ ነው። በሦስተኛው ከሺህ አንድ። አሁን የሌዘሩን ጉልበት በእጥፍ እናሳድገው። የምናተርፈው 30 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ሜትር ለመጨመር አሥር እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። ባትሪውም፣ ሙቀቱም፣ ዋጋውም፣ ለዓይን ያለው አደጋም አብሮ ያድጋል። ትክክለኛውን ቀለም መምረጥ ግን ባትሪውን አያወፍረውም።

ነገሩን በዓይን ማየት ቀላል ነው። ከሐይቁ ዳር የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ ዕቃ አድርጎ ጨለማ ክፍል ውስጥ አረንጓዴ ሌዘር በጎን ማሳለፍ ነው። ውሃው ውስጥ ቀጥ ያለ አረንጓዴ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ያምራል። ነገር ግን ያ መስመር ወደ ዓይናችን የመጣው ደለሉ ከመንገዱ ስላወጣው ነው። መስመሩ ይበልጥ በደመቀ ቁጥር ወደ ፊት የሚሄደው ያንሳል ማለት ነው። ካሜራና ሌዘር ጎን ለጎን ለጥፎ ወደ ድፍርስ ውሃ ማውረድም ጣርማ በር ላይ በጭጋግ ረጅም መብራት አብርቶ እንደመንዳት ነው፤ የሚታየው ጭጋጉ ነው። መፍትሔው ሌዘሩን ከካሜራው አራርቆ ከጎን እንዲያበራ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ «ለጥልቀት ሶናር አለ አይደል?» ሊባል ይችላል። ልክ ነው፤ ለጥልቀት በድምፅ መለካት ይሻላል። ሌዘር የሚፈለገው ለቅርብ ሥራ ነው። ለምሳሌ በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ትይዩ ከተተከሉ ሁለት ሌዘሮች የሚወጡ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ካሜራው ፊት ባለፈ ዓሣ ላይ ቢያርፉ፣ በመካከላቸው ያለው 10 ሴንቲሜትር እንደ ማስመሪያ ሆኖ ዓሣው ሳይያዝና ሳይጎዳ ርዝመቱ ከፎቶው ይነበባል። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ለመራባት ወደ ወንዞቹ የሚወጡትንም መረብ እየጠበቃቸው ነው። ለእነሱ እንዲህ ያለ መለኪያ ትልቅ ነገር ነው። አባይ ከጣና ሲወጣ ውሃውን በሚቆጣጠረው በጨረጨራ በር ኮንክሪት ላይ ስንጥቅ ካለም በዚያው ዘዴ ስፋቱን ማወቅ ይቻላል።

ልኬቱ የሚጀመረው በርካሽ ነው። ጣሊያናዊው አንጀሎ ሴኪ በ1865 የሞከረው ሰሌዳ ዛሬም ይሠራል። ክብ ሰሌዳ በገመድ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። በዚያ ላይ የየቀለሙን ብርሃን ለየብቻ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይጨመር። ዘጌ አጠገብ፣ ደቅ ዙሪያ፣ ግልገል አባይ መግቢያና አባይ መውጫ ላይ ከሐምሌ እስከ ሰኔ በየወሩ ይለካ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ለመመረቂያ ሥራቸው ቢይዙት ደስ ይለኛል። ሐይቁ ደጃቸው ነው።

ጣና የሚያቀልልን ነገርም አለ። 10 ሜትር ውሃ የሚጨምረው ግፊት አንድ አትሞስፌር ያህል ነው። ስለዚህ ለውቅያኖስ ወለል የሚሠራ ወፍራም የታይታኒየም ቤት አያስፈልገንም። እዚሁ በማሽን የተቆረጠ አሉሚኒየም፣ ጥሩ የጎማ ማኅተምና ወፈር ያለ መስታወት ይበቃል። ሙቀቱንም ብረቱ ለውሃው ያስረክባል። የክረምቱ እርጥብ አየር ዕቃው ውስጥ ተዘግቶ ከቀረ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው መስታወቱ በውስጥ ላብ ይይዛል። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አብሮ ይግባ።

አንድ ነገር ግን በምንም ዋጋ አይታለፍ። አረንጓዴ ሌዘር ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ርካሾቹ ደግሞ የማይታይ ጨረር አብረው የሚለቁ አሉ። ውሃው ላይ በደንገል ታንኳ የሚያልፍ ሰው አለ፤ ዳር ላይ የሚዋኙ ልጆች አሉ። ስለዚህ ሌዘሩ ውሃ ካልነካ የማይበራ፣ ከውሃ ሲወጣም በራሱ የሚጠፋ ማብሪያ ይኑረው። ይህ ማብሪያ ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ይግባ፤ መሣሪያው ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ አይሁን።