ጀግናው ቦርጫም ነው አልኩ እኮ!

እኔ እየጻፍኩ ወዳጄ የሚሥለው ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) አለን። የኛ ጀግና ልዩ ኃይሉ አንድ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ሰልፍ ሳይዝ ታክሲ ውስጥ ይገባል። በቃ፣ ቀልዱ እሱ ነው። ሠዓሊው ወዳጄ ግን አይሰማም! ጡንቻ ላይ ጡንቻ ይደርባል። እኔ የጻፍኩት ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ቦርጫም ሰውዬ ነው። እሱ የሣለው የጂም ማስታወቂያ። ካባው ጋቢ ይሁን ብዬ ስንቴ ለመንኩት። ቀይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

የንግግር ፊኛውን፣ ማለትም የጀግናው ንግግር የሚጻፍበትን ክብ፣ ደግሞ ሚጢጢ ያደርግና "ጽሑፍህ በዛ፣ ቁረጥ" ይለኛል። የመጨረሻዋን የሥዕል ሳጥን በፎቅና በደመና ሞላት። ሳቁ የሚመጣው እኮ እዛ ነው፣ ወንድሜ! (እጁ ግን ወርቅ ነው፤ እሱን አልክድም።)

ይሄም ይሁን። ከሁሉ የሚያበግነኝ "ኮሚካችሁን በነጻ ስጡን፣ ስማችሁ ይታወቅላችኋል" የሚለን ሰውዬ ነው። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጸሐፊው ጄሪ ሲገልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር እ.ኤ.አ. በ1938 መብቱን በ130 ዶላር አስረክበው ዕድሜ ልካቸውን ተንገብግበዋል። እነሱስ 130 ዶላር አገኙ። ለኛ የማኪያቶ እንኳ ማን ሰጠን?