ለማይልና ለሆቴል ነጥብ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የአየር መንገድ ማይል
ለክብርት የሆቴል ነጥብ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ከሁለት አንዳችሁን ለመምረጥ መቸገሬን ስለ ማሳወቅ

እኔ አመልካች በዋሽንግተን አካባቢ የምኖር፣ ባለቤትና ሁለት ልጆች ያሉኝ፣ በየሁለት ዓመቱ አዲስ አበባ ሄጄ ለመዝናናት የማቅድ ሰው ነኝ። ሽንኩርት ስገዛ፣ ቤንዚን ስቀዳ፣ የልጆቹን ጥርስ ሳሳክም የማወጣው ገንዘብ ሁሉ በክሬዲት ካርዴ በኩል ወደ እናንተ፣ ማለትም ተጠራቅማችሁ በነጻ ለምታበሩና በነጻ ለምታሳድሩ ሽልማቶች፣ ሲፈስ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር የምንጫወተውም «ማይል ይሻላል ወይስ ነጥብ?» የሚለውን ብቻ ሆኗል።

ክቡር ማይል፣ አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 የማይል መርሐ ግብሩን ሲጀምር እርስዎ በእውነትም የተበረረ ርቀት መለኪያ ነበሩ። ዛሬ ትላልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች በራሳቸው በረራ የሚያድሉዎት በተከፈለው ዶላር ልክ ስለሆነ፣ በርካሽ ትኬት ጉልበቱን አጥፎ ውቅያኖስ ያቋረጠ ሰው በውድ ትኬት ጎረቤት ከተማ ደርሶ ከተመለሰ ነጋዴ ያነሰ ሊያገኝ ይችላል። ስምዎን ግን አልቀየሩም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት በመቀላቀሉ በሌሎቹ አባላት ማይል ትኬቱን መቁረጥ ይቻላል ሲባል የሰማይ መና ወረደልን ብዬ ነበር። ነገር ግን ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌ አራት መቀመጫ ስጠይቅ፣ ማይሌን ያጠራቀምኩበት፣ ስሙን የማልጠራው ድርጅት አንድ መቀመጫ ያሳየኛል፤ ያውም ሁለት ቦታ አድሮ የሚደርስ። «እንግዲህ አንተ ቅር» ለማለት ባለቤቴ ጊዜ አልፈጀባትም።

ክብርት ነጥብ፣ እርስዎ በዚህ በኩል ደግ ነዎት። ማይል በነፍስ ወከፍ ሲቆረጥ እርስዎ የሚቆረጡት በክፍል ነው፤ አራታችን ሁለት አልጋ ተጋርተን ብናድር የሚጠየቀው ያው የአንድ ክፍል ነው። ማሪዮት የተባለው የሆቴል ኩባንያማ በነጥብ ለተያዙ አምስት ተከታታይ ሌሊቶች የሚቆርጠው የአራቱን ብቻ ነው። በመኪናው ቤተሰቡን ጭኖ ባሕር ዳርቻ ለሚወርድ ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከማይል እርስዎ ይሻላሉ። የእኛ መንገድ ግን ወደ አዲስ አበባ ነው። ሸራተን አዲስ በነጥብ እንደሚታደርበት አላጣሁትም፤ ነገር ግን ቦሌ ድረስ ልትቀበለን የመጣችው አክስቴ፣ ፍራሹን ከሳምንት በፊት ፀሐይ ያስመታችው አክስቴ፣ ሻንጣችን ወደ ሆቴል ሲዞር ብታይ «ቤቴ ምን ጎደለው?» የምትለው በዚያው ቀን ብቻ እንዳይመስልዎ፤ በየሰርጉና በየለቅሶው ስትለው ትኖራለች።

እንዲህ ከሆነ ነጥቡን ወደ ማይል ልመንዝረው ብዬ ባሰላ፣ 60,000 የማሪዮት ነጥብ ከነምርቃቱ 25,000 ማይል ሆኖ አገኘሁት። ብር በጥቁር ገበያ የመነዘረ ሰው እንኳ እንዲህ ክው ብሎ አያውቅም።

ሁለታችሁንም የሚመለከት አቤቱታ አለኝ። ዴልታ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ማሪዮት ደግሞ በ2022 ነጻ ትኬት ወይም ክፍል ስንት ማይል ወይም ነጥብ እንደሚያስከፍል የሚያሳየውን ቋሚ ሰንጠረዣቸውን አንስተዋል። የጉልት ቲማቲም ሻጭ ዋጋ ስትጨምር ቢያንስ ዝናቡን ወይም ነዳጁን ታማርራለች፤ እናንተ ግን ማታ በ70,000 ያየሁትን ጠዋት በ95,000 ስታቀርቡልኝ ደኅና አደርክ እንኳ አትሉም።

ስለዚህ ማይልን የመረጥኩ መሆኔን እያሳወቅሁ፣ አክስቴ አልጋ እንጂ አውሮፕላን ስለሌላት ብቻ የተደረገ ምርጫ መሆኑ እንዲታወቅልኝና በመጪው ሐምሌ ሦስት ተጨማሪ መቀመጫዎች እንዲፈቀዱልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለክሬዲት ካርዴ
ለባለቤቴ (በቃል ተነግሯታል፤ አልተስማማችም)
ለአክስቴ እንዳይደርሳት