በላኤ ሰብእ ተማረ፣ ሸክላ ሠሪዋስ?

የካቲት 16 በመጣ ቁጥር አንድ ታሪክ እንሰማለን። ቅምር በምትባል አገር ሰው የሚበላ ሰው ነበር። ሚስቱና ልጆቹ ሳይቀሩ 78 ሰው በልቷል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ገላውን ቁስል የወረሰው ለማኝ አገኘ። ለማኙ ውሃ ጠምቶታል። በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ እምቢ አለ። በጻድቃን በሰማዕታት ስም ለመነው፤ አሁንም እምቢ። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ልቡ ራራና ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ያውም የሰውዬው ጉሮሮ እንኳ በደንብ ሳይርስ። በላኤ ሰብእ ሲሞት ሚዛን ቀረበ። በአንድ በኩል 78 ነፍስ፣ በሌላ በኩል ያቺ ጥርኝ ውሃ። እመቤታችን ጥላዋን ጣለችበትና ውሃው መዘነ።

ታሪኩ የሚገኘው ተአምረ ማርያም ውስጥ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ካዘዙ ወዲህ በላኤ ሰብእን የማያውቅ የለም። ሠዓሊዎቻችንም ይወዱታል። ሰውዬው፣ ለማኙ፣ ሚዛኑ፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ አሉ።

ክርክሩም አብሮ የኖረ ነው። «78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውሃ? የተበሉትስ ፍትሕ የት ሄደ?» የሚል አለ። «ምሕረት እኮ እንዲህ ካልሆነ ምኑን ምሕረት ሆነ?» የሚልም አለ። እኔ በምሕረቱ አልከራከርም። እንዲያውም ደስ ይለኛል። ከሁሉ የከፋውን ሰው ፈልጎ አግኝቶ ለእሱም በር የሚከፍት ታሪክ ያለው ሕዝብ ልበ ሰፊ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። 78 ሰው የበላውን የማረ ልብ፣ ማንንም ያልበላችውን ሸክላ ሠሪ ለምን ጨከነባት?

ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአያቴ ጋር ገበያ እወርድ ነበር። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚቀመጡት ከገበያው ጫፍ፣ ከሰው ገለል ብለው ነው። አያቴ ወደ እነሱ ስትጠጋ እኔን ከኋላዋ ታደርገኝና ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነኛለች። ከነጠላው ስር የማየው የሴትዮዋን እጅ ብቻ ነበር። ጭቃው ጥፍሯ ስር ደርቋል። አያቴ ጀበናውን በጣቷ ታንኳኳዋለች፣ ድምፁን ትሰማለች፣ ትከራከራለች፣ ትገዛለች። ማታ በዚያ ጀበና ቡና ይፈላል። «ጎሽ፣ እጇ ይባረክ፣ ጥሩ ጀበና ነው» ትላለች አያቴ። እጇን መረቀች፣ ዓይኗን ፈራች።

ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ቡዳ ነው ይባል ነበር። ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል። ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ተገደለ የሚለውን ወሬ ያልሰማ ማን አለ? ያየስ ማን አለ? ሁሌም ያየው የሌላ ሰው አጎት ነው።

ነገሩ ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። ልጅ ሆዱን ሲያመው፣ ምግብ እምቢ ሲል «ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል። ያጨሱታል። «ማነህ? ከየት ነው የበላኸው?» እያሉ ያስለፈልፉታል። ትኩሳት ያናወዘው ልጅ አንድ ስም ይጠራል። ያቺ ሴት ተጎትታ ትመጣና «እንትፍ በይበት» ትባላለች። እንትፍ ካለች፣ አመነች ማለት ነው። እምቢ ካለች ደግሞ ልጁን ልትጨርሰው ነው። ከዚህ ወጥመድ መውጫው የቱ ጋ ነው? በላኤ ሰብእ እንኳ ሚዛን ቀርቦለታል።

ደርግን «ሰው በላ» ስንል ሁላችንም የምንለው ይገባናል። ስለ ግድያው ነው የምናወራው። ሸክላ ሠሪዋን ሰው በላ ስንል ግን የምራችንን ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንጆች ዛሬ ሰው በላን የሚጠሩበት «ካኒባል» የሚለው ቃል የመጣው ከአንድ ሕዝብ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 ኮሎምበስ ካሪቢያን ሲደርስ ስለ ካሪብ ሕዝብ ጎረቤቶቻቸው ሰው ይበላሉ ሲሉ ሰማ፣ ስሙንም ይዞ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1503 የስፔኗ ንግሥት ኢዛቤላ ሰው በላ የተባሉትን በባርነት መያዝ ፈቀደች። ከዚያ ወዲህ ባሪያ ፈላጊው አንድን ደሴት ሰው በላ ብሎ መሰየም ብቻ በቂው ሆነ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም አረንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን ወሬ በየአገሩ መረመረና የሰማ እንጂ በዓይኑ ያየ ምስክር ማግኘት አቃተኝ አለ። አበዛው ያሉት አሉ፣ ልክም ናቸው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የፎሬ ሕዝብ የሞተ ዘመዱን ይበላ እንደነበር፣ በዚያም ኩሩ የሚባል የአንጎል በሽታ ብዙ ሴቶችና ሕፃናት እንደጨረሰ በሕክምና ተረጋግጧል። ግን ይህንም ልብ በሉ፤ ፎሬዎች የበሉት ጠላት አልነበረም። የሚወዱትን ሟች እያለቀሱ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ቡዳ የተባሉት እነማን ነበሩ? በአብዛኛው ርስት የሌላቸው ናቸው። ቤተ እስራኤሎችን ውሰዱ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ካሸነፏቸው በኋላ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይውረስ ተባለ ተብሎ ይተረካል። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ያድራል። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሴቷ ሸክላ ሠራች። የጎንደርን ግንብ ከገነቡት መካከልም ነበሩ። ገበሬው በእነሱ ማረሻ አረሰ፣ በእነሱ ምጣድ እንጀራ ጋገረ፣ ሲመሽ ደግሞ ጅብ አላቸው። መጀመሪያ መሬቱ ተወሰደ፣ ስሙ ተከትሎ መጣ ብዬ ነው የማምነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚያ ያሉ ሽማግሌዎች ቡዳ መባልን ዛሬም አልረሱትም።

ያልተቃወመ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እኔን መስደብ ነው አሉ፤ ለተሳዳቢውም የአንድ ዓመት እስር ደነገጉ። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። አያቴ ግን ነጠላዋን አልተወችም።

ደግሞ በእኛ አገር ሰው የምር ሰው የበላበት ጊዜ ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ እህሉ ጠፋ። ረሃብ ያሳበደው ሰው የሰው ሥጋ እንደበላ በዘመኑ የነበሩ ጽፈዋል። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በመካከላችን አሉ፣ ምናልባት እኔም እናንተም ነን። ማንም ዘራቸውን አይቆጥርም። መቁጠርም የለበትም፤ ችግር ነው ያደረሳቸው። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን ስትወለድ ጀምሮ ትቆጠራለች። ለትዳር ስትታሰብ አጥንቷ ይቆጠራል።

ባለፈው ዓመት ወደዚያው ገበያ ሄጄ ነበር። ጀበና ፈልጌ። ሴትዮዋ አርፋለች፣ ልጇ በቦታዋ ተቀምጣለች፣ እዚያው ጫፍ ላይ። ዕድሜያችን እኩል ይሆናል። ፀሐዩ ከባድ ነበርና አረፍ ብዬ ስናወራ ጠማኝ። ትንሽ ውሃ ስጪኝ አልኳት። ከጎኗ በኩባያ የተከደነ እንስራ አለ፣ ራሷ የሠራችው። እንስራውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ከእኛ ይጠጣሉ?» አለችኝ።

አዎ አልኩ። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ልጇን ጠርታ ኩባያውን ሰጠችውና ውሃ እንዲያመጣልኝ ወደ ሻይ ቤቷ ሴትዮ ላከችው።