«ሌላ ሐኪም እስካለ ድረስ»

በወቅቱ የክነሰት (የእስራኤል ፓርላማ) አባል የነበሩት ኦሪት ስትሩክ እሑድ ዲሴምበር 25 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) በሬዲዮ ቀርበው፣ ሌላ ሐኪም እስካለ ድረስ ማንም ሐኪም እምነቱ የማይፈቅደውን ሕክምና እንዲሰጥ መገደድ የለበትም ብለዋል። የፓርቲ ባልደረባቸው ሲምሃ ሮትማን ደግሞ የሆቴል ባለቤት ሃይማኖታዊ ስሜቱ የሚነካበት ከሆነ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን አላስተናግድም ማለት እንደሚችል አከሉበት። ያኔ መንግሥት ሊመሠርቱ የነበሩት ኔታንያሁ ንግግሩን ወዲያው ቢያወግዙም፣ አድልዎን የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ2000 ሕግ እንዲሻሻል ከጥምር መንግሥት አጋሮቻቸው ጋር የተስማሙት ራሳቸው ናቸው።

ከሁሉ ያናደደኝ «ሌላ እስካለ ድረስ» የምትለው ማለዘቢያ ናት። እኛ ቤተ እስራኤላውያን፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ይህችን ቃል አሳምረን እናውቃታለን። በቴል አቪቭ ከአንድ የምሽት ክበብ በር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ቆመን ሳለ፣ በር ጠባቂው ከኋላችን የመጡትን ነጮች እያሳለፈ «ዛሬ የግል ግብዣ ነው፤ ከታች ሌላ ቤት አለላችሁ» አለንና መንገዱን ሳይቀር በእጁ አመለከተን። ከታች ያለው ቤት ደግሞ «ሞልቷል» አለን። እ.ኤ.አ. በ2012 በቂርያት ማላኺ ከተማ የአንዳንድ ሕንጻዎች ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ሲጋለጥም፣ ጎዳና እደሩ ያለን አልነበረም፤ ሌላ ሕንጻ አለ ነው ነገሩ። አንዱ በሩን የሚዘጋው የጎረቤቱን በር ተማምኖ ነው፣ ጎረቤቱም የእርሱን። ያ «ሌላ ሐኪም» የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ተረኛ የሚሆነው መቼ እንደሆነ፣ ዲሞና የምትኖር እናት በእኩለ ሌሊት ቤር ሸቫ ድረስ ትፈልገው እንደሆነ ወይዘሮ ስትሩክ አልነገሩንም።

«የእምነት እንጂ የጥላቻ ጉዳይ አይደለም» የሚሉም አሉ። ረቢ ያላመነበትን ጋብቻ ይባርክ ያለ የለም፤ ሆቴል ግን ምኩራብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤሉ ባርካን ወይን ጠጅ ፋብሪካ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ከወይኑ ያራቀው በእምነት ስም ነበር፤ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የነካው ወይን ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ) አይሆንምና፣ የኮሸር ማረጋገጫ ሰጪዎቹ አይሁድነታችንን ተጠራጥረው! ያኔ ከእስራኤል ሁለት ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ይስሐቅ ዮሴፍ እንኳ ድርጊቱን ዘረኝነት ሲሉ ነው የጠሩት።

በዚያ እሑድ ሬዲዮውን አብረውኝ ያዳምጡ የነበሩ አንድ የሰፈራችን አዛውንት «ይህ የእነዚያ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አሉኝ። «አባባ፣ ወይኑን እንዳይነኩ የተደረጉትስ የማን ልጆች ነበሩ?» ብላቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮውን አጠፉት።