ወንጪ ከመስቀል በኋላ ይሻላል

ስለ ወንጪ ሐይቅ ጉብኝት ያነበብኩት ጽሑፍ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ሂዱ ይላል። እኔ ግን ከመስቀል በኋላ ያሉትን ሁለት ሦስት ሳምንታት እመርጣለሁ፤ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፣ ወደ ሐይቁ የሚያወርደው ቁልቁለት ጭቃም ጠፈፍ ይላል። ሐይቁ 2,900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነና አየሩ ስለሚሳሳ የሚያደክመው መውረዱ ሳይሆን መውጣቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ዳመናው ሊወርድ ስለሚችል ጠዋት 3 ሰዓት ወርዳችሁ ከ8 ሰዓት በፊት ሽቅብ ጀምሩ። ፈረስ የምትይዙ ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ ዋጋውን ተስማሙ፤ ደርሶ መልስ መሆኑንም አረጋግጡ። ከመቀመጣችሁ በፊት በፈረሱ ሆድ ዙሪያ የታሰረውን ጠፍር ፈትሹት፦ ሁለት ጣት ካስገባ ደህና ነው፤ መዳፍ ሙሉ ከገባ ግን ዳገቱ ላይ ኮርቻው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በጀልባ ወደ ቂርቆስ ገዳም የምትሻገሩ እህቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ ያዙ።